አውራ ጣቴ ያረፈበት መስታወት

«ቁጥር ሦስት ተመርጧል፤ ይሄዳል» አሉኝ ዶክተር ቤተልሔም በስልክ። ቁስቋም ሰፈር፣ ቤታችን በር ላይ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። ጮኽሁ። የያዝኩት አንሶላ አፈር ላይ ወደቀ። እናቴ «ምነው? ምን ሆንሽ?» እያለች ከጓዳ ወጣች፤ ጎረቤታችን እትዬ ማሚቴ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው «ሰው ሞተ እንዴ?» አሉ።

«አልሞተም! ጠፈር ሊሄድ ነው!»

«ማን ነው የሚሄደው?»

«መስታወት!»

እትዬ ማሚቴ እናቴን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይቺን ልጅ ጠበል ውሰጃት እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። የሚሄደው የክብሪት ቀፎ ግማሽ የምታህል መስታወት ናት። ላይዋ ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ቀጭን ንብርብር ተቀብቶባታል። ሶላር ሴል ማለት ነው። በአንዲት ትንሽ ሳተላይት ጎን ላይ ተለጥፋ ትወጣና የጠፈርን ጨረር ምን ያህል እንደምትችል እዚያው ትፈተናለች። የተሠራችው እዚሁ ጎንደር፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ባለች አንዲት ጠባብ ላብራቶሪ ነው። ከሠሯት ሦስት ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ። ይህን ዓረፍተ ነገር ከጻፍኩት በኋላ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እውነት ነው።

ደስታው በመጣበት ሳምንት ሌላም ነገር ሆነ። የላብራቶሪው ባለሙያ ጋሽ ታረቀኝ ጡረታ ወጡ። ዶክተር ቤተልሔምም ሥራውን ይዘው ወደ አዲስ አበባ ሊዛወሩ ነው። ስለዚህ የእኔም ሥራ አበቃ። እናቴ «በአሥራ ሰባት ዓመቷ ጡረተኛ!» እያለች ትስቅብኛለች። ጋሽ ታረቀኝ ግን አልሳቁም። «ጡረታ የወጣ ሰው የሠራውን ይጽፋል» አሉኝ። «የእኔ እጅ ለብዕር ሰነፍ ነው። አንቺ ጻፊው። የተበላሸውንም አትዝለዪ።»

እሺ ብያለሁ። እንግዲህ የሦስት ዓመት የሥራ ዘመኔ ይኸው።

የገባሁት ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ ነው። እናቴ ዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ውስጥ ትሠራለች፤ ከትምህርት ቤት ስወጣ እሷን የምጠብቀው ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ነበር። ከኮሪደሩ ጫፍ አንድ በር አለ። ሁልጊዜ ከውስጡ ጥዝዝ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ ጸጥ ይላል፤ እንደገና ጥዝዝ። አንድ ቀን አላስቻለኝም፤ አንኳኳሁ። ነጭ ጋዋን የለበሱ ረጅም ሽማግሌ ከፈቱልኝ።

«ምን ፈለግሽ?»

«ምንድን ነው የሚጮኸው?»

«መስታወት እያሽከረከርን ነው።»

«ለምን?»

ሽማግሌው ወደ ውስጥ ዞረው «ዶክተር፣ ለምን የሚል ሰው መጥቷል» አሉ። ዶክተር ቤተልሔም ከውስጥ «አስገቡት!» ሲሉ ተሰማኝ። እንዲህ ነው የተቀጠርኩት። ከዚያ በኋላ ያለው ወረቀት ነው፤ የትምህርት ቤት ደብዳቤ፣ የእናቴ ፊርማ፣ ማኅተም። ክፍያዬ የባጃጅ መሳፈሪያ ነበር።

የመጀመሪያ ምድቤ የእጅ መታጠቢያው አጠገብ ነበር። ስድስት ወር ሙሉ መስታወት ብቻ አጠብኩ። በሳሙና፣ ቀጥሎ በተጣራ ውኃ፣ ቀጥሎ በአልኮል፣ መጨረሻ ላይ በአየር ማድረቅ። መስታወቱ ላይ የሚቀባውን ቀለም መንካት አይፈቀድልኝም፤ ውስጡ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ስላለበት ጋሽ ታረቀኝ ብቻ ናቸው የሚይዙት። ቀለሙ ቢጫ ነው። በጠብታ መስታወቱ መሐል ላይ ያርፋል፤ ማሽኑ በፍጥነት ሲያሽከረክረው ቀለሙ ተዘርግቶ ይሳሳል። ማሞቂያው ላይ ሲቀመጥ ደግሞ ዓይኔ እያየ ከቢጫነት ወደ ጥቁር ቡናማ ይለወጣል። ያን ለውጥ መቶ ጊዜ ያህል አይቼዋለሁ። አንድም ቀን አልሰለቸኝም።

ዶክተር ቤተልሔም የመጀመሪያ አለቃዬ ናቸው። ወጣት ናቸው፤ ሲያስቡ የሚጽፉበትን እርሳስ ፀጉራቸው ውስጥ ይሰኩና ከዚያ «እርሳሴን ማን ወሰደው?» ይላሉ። ጠፈር ላይ ለምን የተለየ ሶላር እንደሚያስፈልግ ሲያስረዱኝ እንዲህ አሉ፦ «እኛን አየሩ ይከልለናል። እዚያ ላይ ከለላ የለም። ከፀሐይ የሚወረወሩ ጥቃቅን ነገሮች ሴሉ ውስጥ ገብተው አተሞቹን ከቦታቸው ያፈናቅላሉ። ሳተላይቱ ቀስ በቀስ ኃይል ያጣል። ሲሞት ደግሞ ወጥቶ የሚጠግነው የለም። እኛ የምንሠራው ዓይነት ፔሮቭስካይት ይባላል። ምቱን ይችላል የሚሉ አሉ። ይችል እንደሆነ እናያለን።»

እኔ ግማሹን ነው የገባኝ። ወደ መታጠቢያው ስመለስ ጋሽ ታረቀኝ አዩኝ።

«አልገባሽም።»

«ገብቶኛል።»

«በረዶ ገብስ ሲመታ አይተሽ ታውቂያለሽ?» እሳቸው የተወለዱት ከጎንደር ወጣ ብሎ ደጋው ኮሶዬ ነው፤ ምሳሌያቸው ሁሉ ከዚያ ነው የሚመጣው። «ዶክተር የሚሉሽ እሱን ነው። በረዶው ይወርዳል፤ ገብሱ ይተኛል። ጥያቄው ሥሩ ተነቅሏል ወይስ አልተነቀለም ነው።»

ጋሽ ታረቀኝ ከሠላሳ ዓመት በላይ በዚያ ግቢ ውስጥ ማይክሮስኮፕ ሲጠግኑ፣ አምፖል ሲቀይሩ፣ የማንም የማይሠራ ዕቃ ሲመጣላቸው ፈትተው ሲገጥሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ሥራ ሲጀምሩ ሰዓታቸውን ፈትተው ኪሳቸው ይከታሉ፤ «መስታወት ሰዓት አይጠይቅም» ይላሉ። ከመዝገብ ላይ ገጽ አይገነጥሉም፤ የተሳሳተውን በአንድ መስመር ሰርዘው እውነተኛውን አጠገቡ ይጽፋሉ። ከሁሉ የበለጠ ልማዳቸው ግን እስትንፋስ ነው። የታጠበ መስታወት በጠርዙ ይዘው ወደ አፋቸው ያስጠጉና «ሃ» ይሉበታል። መስታወቱ ንጹሕ ከሆነ ጉሙ አንድ ወጥ ሆኖ ይሸፍነዋል። ቅባት ካለበት ጉሙ እዚያ ቦታ ላይ ይሸሻል።

«ሳሙናው ሊዋሽሽ ይችላል፤ ዓይንሽም ይዋሽሻል። እስትንፋስሽ ግን አይዋሽም» አሉኝ። ቅጹ ላይ ለእያንዳንዱ መስታወት አንድ ሳጥን አለ። ሃ ብለሽ ካየሽ በኋላ ሳጥኑ ውስጥ ራይት ታደርጊያለሽ።

ሁለተኛ ምድቤ መዝገብ፣ ሦስተኛው መለካት ነበር። ግን የምነግራችሁ ነገር የተፈጠረው ሁሉንም አውቄያለሁ ብዬ ባሰብኩ ጊዜ ነው።

ዐሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ጥምቀት አልፎ የሚካኤል ማግስት ነው። እናቴ ለበዓሉ ሹሩባ አሠርታኝ ቅቤ በደንብ ቀብታኛለች። ያን ቀን ስምንት መስታወት ተቀብቶ በማግስቱ በጥቅል ወደ ውጭ አገር መላክ ነበረበት። ጨረር የሚመታበት ማሽን ያለው እዚያ ነው። ተራ የተሰጠን አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ ካለፈን ለሳተላይቱ የሚደረገው ምርጫም ያልፈናል። የጋሽ ታረቀኝ ጡረታም ደርሷል። ይህ የመጨረሻ ሥራቸው መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ማንም አያነሣውም።

ስምንቱን አጠብኩ። ጓንት አድርጌያለሁ፤ ጋዋን ለብሻለሁ። የመጀመሪያውን «ሃ» አልኩበት። አንድ ወጥ ጉም፤ ሸጋ! በዚያች ቅጽበት አንዷ ሹሩባ ዓይኔ ላይ ወረደች። በእጄ መለስኳት፤ በጓንቱ። ከዚያ ሰባቱን አንድ በአንድ አንሥቼ ሰሐኑ ላይ ደረደርኩ። አንዱ ንጹሕ ከሆነ ሌሎቹም በአንድ ውኃ ነው የታጠቡት አልኩ በልቤ። ስምንቱም ሳጥን ውስጥ ራይት አደረግሁ።

ጋሽ ታረቀኝ ቅጹን አዩና «ጎበዝ» አሉኝ። እሳቸው ራሳቸው ሁልጊዜ አንዱን አንሥተው ይሞክሩ ነበር። ያን ቀን አልሞከሩም። አመኑኝ።

የመጀመሪያው መስታወት ተሽከረከረ፤ ማሞቂያው ላይ ሆኖ እንደ ወትሮው ጠቆረ። ሁለተኛው ግን ጠርዙ ላይ ቀዳዳ አወጣ። ቀለሙ ከአንድ ቦታ ሸሽቶ መስታወቱ ራቁቱን ቀረ። ሦስተኛውም እንዲሁ። አራተኛውም። ጋሽ ታረቀኝ ጠብታውን ቀየሩ፤ ፍጥነቱን ቀየሩ። ስምንተኛው ሲወጣ ወንበር ስበው ተቀመጡ። በሥራ ላይ ሲቀመጡ አይቻቸው አላውቅም።

«ቀለሙ ነው» አሉ። «እኔ ነኝ የቀመምኩት። ሚዛኑን አሳስቼዋለሁ።»

ዶክተር ቤተልሔም «ሊሆን አይችልም፤ እርስዎ ተሳስተው አያውቁም» አሏቸው።

«እጅ ያረጃል፣ ዶክተር። እግር ሲያረጅ ሰው ያየዋል፤ እጅ ሲያረጅ ግን ባለቤቱ ነው የመጨረሻው የሚያውቀው። በጊዜው መውጣት ነበረብኝ። እርስዎ አንቀርብም ብለው ይጻፉላቸው።»

ዶክተር ለመጻፍ ወደ ቢሯቸው ሄዱ። እኔ መታጠቢያው ጋ ቆሜያለሁ። አንድ ነገር ይከነክነኛል። ቀለሙ ከተበላሸ የመጀመሪያው ለምን አማረ? ቀለሙ አንድ ነው፤ ጠርሙሱ አንድ ነው። ሦስተኛውን መስታወት አነሣሁና ገለበጥኩት። ጀርባው ያልተቀባ ነው። «ሃ» አልኩበት።

ጉሙ ሸፈነው፤ መሐሉ ላይ ግን አንዲት ክብ ነገር ጉሙን እምቢ አለች። የአውራ ጣት ቅርጽ። ከጓንቱ ጫፍ ያለችው እጥፋት ሳትቀር ትታያለች። እጄን ወደ ሹሩባዬ አነሣሁና ሳልነካው መለስኩት። የጥምቀት ቅቤ፤ አውራ ጣቴ ከጀርባው፣ ሌሎቹ ጣቶቼ ከፊቱ ጠርዝ ላይ አርፈው ነበር።

እውነቱን ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ሐሳቤ መስታወቱን ማጠብ ነበር። ቧንቧውንም ከፍቼ ነበር። ማንም አያውቅም። ቅጹ ላይ ስምንት ራይት አለ፤ ጥፋቱ የቀለሙ ሆኗል፤ ጋሽ ታረቀኝም ራሳቸው ናቸው የተናገሩት። ዘወር ስል ግን ያየሁት ሌላ ነው። ጋሽ ታረቀኝ የቢጫውን ቀለም ጠርሙስ በአንድ እጃቸው፣ የመርዛማ ቆሻሻውን ጠርሙስ ክዳን በሌላው ይዘዋል። ሊያፈሱት ነው። የቀረው ቀለም ያ ብቻ ነበር።

«ጋሽ ታረቀኝ፣ አያፍስሱት!»

«የተበላሸ ቀለም ምን ያደርግልኛል?»

«አልተበላሸም። እኔ ነኝ።»

አጠገባቸው ሄጄ መስታወቱን ፊታቸው አቀረብኩና «ሃ» አልኩበት። ጣቴ ወጣች። ደግሜ «ሃ» አልኩ። ደግማ ወጣች። የቀረውን እስትንፋሴ መሰከረ።

ጋሽ ታረቀኝ መስታወቱን አዩ። ሹሩባዬን አዩ። ቅጹን አነሡና ስምንቱን ራይት አንድ በአንድ በጣታቸው ቆጠሩ።

«ስንቱን ሃ ብለሽበታል?»

«አንዱን።»

ቅጹን ጠረጴዛው ላይ መለሱት። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። ኋላ ጠርሙሱን ቀስ አድርገው ከደኑትና «እናትሽ ቅቤውን አልሰሰተችብሽም» አሉ። ልስቅ ይሁን ላለቅስ አላወቅሁም፤ ሁለቱም አንድ ላይ መጣ።

ቅጹን ልቀደው እጄን ስዘረጋ ያዙኝ። «አይቀደድም። በአንድ መስመር ሰርዢው። ከሥሩ እውነቱን ጻፊ። ፈርሚ።»

ጻፍኩ፦ «ከሰባቱ አንዱንም አላየሁም። ሶስና።» ያ ወረቀት እስከ ዛሬ ፋይሉ ውስጥ አለ። ዶክተር ወደ አዲስ አበባ ይዘውት ይሄዳሉ። ይሂድ።

ዶክተርን ሮጬ አስቆምኳቸው፤ ደብዳቤው ገና ሰላምታው ላይ ነበር። ነገርኳቸው። እርሳሳቸውን ከፀጉራቸው ነቀሉ፤ መልሰው ሰኩት። «ታዲያ ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ?» አሉኝ። «ታጠቢ!»

ጋሽ ታረቀኝ ከሰባቱ ላይ ቀለሙን አስለቀቁ፤ እንደ አዲስ አጠብን። ሹሩባዬ በጋሽ ታረቀኝ ነጠላ ተጠቅልላ፣ ላይዋ ላይ ፕላስቲክ ከረጢት ታስሮባት። እያንዳንዱን «ሃ»፤ እያንዳንዱን ራይት። የተረፈው ቀለም ለአራት ብቻ በቃ። ከመጀመሪያው ጋር አምስት ሆነ። ስምንት የጠበቁ ሰዎች አምስት ተላከላቸው። ጣቴ ያረፈችበት መስታወት ሦስተኛው ነበር፤ ቁጥር ሦስት ብዬ ጻፍኩበት።

ከብዙ ሳምንት በኋላ በጥቁር ከረጢት ታሽገው ተመለሱ። ለካሁ። የሁሉም ኃይል ወደ ግማሽ ወርዷል። ዶክተር ቁጥሮቹን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ጋሽ ታረቀኝ ግን «ገብሱ ተኝቷል» ብቻ አሉ። ቅዳሜ ከመለኪያው ጋር በቦርሳቸው ይዘዋቸው ወደ ኮሶዬ ወጡ፤ እኔም ዶክተርም ተከተልን። ጠዋት ጠዋት የኮሶዬ ፀሐይ ጥርት ያለ ነው፤ ከላብራቶሪው መብራት ይልቅ እሱን ያምኑታል።

ቤታቸው ፊት ለፊት ጠረጴዛ አወጣን። አምስቱንም ልናሰጣ ስንል ጋሽ ታረቀኝ «ሁለቱን ጨለማ ውስጥ ተዪአቸው» አሉኝ። «የተሰጣው ምን እንደሆነ የምታውቂው ያልተሰጣውን ስታዪ ነው።» ስለዚህ አንድ፣ ሦስትና አራት ፀሐይ ላይ ዋሉ፤ ሁለትና አምስት ከረጢቱ ውስጥ ቀሩ።

አንድ ገበሬ አህያ እየነዱ ሲያልፉ ቆም አሉ። «አያ ታረቀኝ፣ ምን እያሰጣችሁ ነው? በርበሬ ነው?»

«በረዶ የመታው ገብስ ነው።»

ሰውየው ጠረጴዛውን በጥርጣሬ ተመለከቱ። «ሸጋ። ይነሣላችሁ እንግዲህ» ብለው አህያቸውን ነዱ።

በየግማሽ ሰዓቱ ለካሁ። መጀመሪያ ምንም። ቀጥሎ ትንሽ። መለኪያው የተበላሸ መስሎኝ ሽቦውን ነቅዬ መለስኩ። እንደገና ትንሽ። ወደ ምሳ ሰዓት ላይ ፀሐይ ያገኛቸው ሦስቱም ተነሡ፤ ከሁሉ በላይ ቁጥር ሦስት ካጣው ኃይል ብዙውን መልሶታል። ከረጢቱ ውስጥ የቀሩት ሁለቱ ግን እዚያው ግማሹ ላይ ናቸው።

«ምነው ተነሣ?» አልኩ። ወደ ገጠር ስወጣ አፌም ይለወጣል።

ዶክተር ቤተልሔም መሬት ላይ ቁጢጥ ብለው «ብርሃኑና ሙቀቱ የተፈናቀሉትን ወደ ቦታቸው እየመለሳቸው ይመስለኛል» አሉ። «ይመስለኛል ነው ያልኩት። እርግጡን ገና እንጠይቀዋለን።» ጋሽ ታረቀኝ ሰዓታቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አሰሩ።

የዚያ ቀን ልኬት ነው ቁጥር ሦስትን ያስመረጠው። ዜናውን እንደሰማሁ ለጋሽ ታረቀኝ ደወልኩላቸው።

«እጄ አላረጀም ማለት ነው?» አሉኝ።

«አላረጀም፣ ጋሽ ታረቀኝ።»

«ያንቺም ጣት ሰማይ ልትሄድ ነው በዪኛ።»

«መስታወቷ ታጥባለች እኮ!»

«ታጥባለች» አሉ። «እኔ አይቻለሁ፤ ሃ ብዬባታለሁ።»

እንግዲህ ጡረታ እንዲህ ነው። ቁልፌን መልሻለሁ፤ የኮሪደሩ ጫፍ በር ተዘግቷል፤ ጥዝዝታው የለም። ግን ጋሽ ታረቀኝ ጠረጴዛውን ከደጃቸው አላስገቡትም። አሮጌውን መለኪያ ዶክተር ትተውላቸዋል፤ ዕቃ ቤት ከተጣለ ሶላር የተረፉ ቁርጥራጮችም አሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት መጥቶ መለካት የሚፈልግ ይምጣ ብለዋል። ንገሪያቸው ስላሉኝ እየነገርኳችሁ ነው።

ከጎንደር የደባርቅን መኪና ተሳፍራችሁ ኮሶዬ ውረዱ፤ የአያ ታረቀኝን ቤት ጠይቁ። ለምን የሚል ጥያቄ ይዛችሁ ኑ፤ ሌላ መግቢያ የለውም። በበዓል ሰሞን ቅቤ ተቀብታችሁ ብትመጡም በር አይዘጋባችሁም። መጀመሪያ የሚሰጣችሁ ቁራጭ መስታወት ነው። በጠርዙ ያዙት፤ «ሃ» በሉበት። ጣታችሁ ከወጣች አትደብቋት፤ ለእሳቸው አሳዩአቸው። እኔ ቧንቧው ጋ ሆኜ እጠብቃችኋለሁ።